መቁጠሪያ

ጉሙ ከጦሳ ላይ ወርዶ መስኮት ላሰ፣
ከሌሊቱ ስምንት፣ የደሴ ብርድ ባሰ።
አምስተኛው አልጋ፦ አያ ሙሄ ይመር፣
ሳንባቸው ታምሞ የመጡ ከኩታበር።

ዘንድሮ የመጣ አዲስ ማሽን አለን፣
ላስቲኩን እንዳንልጥ ስስት የከለከለን።
ጣት ነክሶ ይነግራል የትንፋሹን ዋጋ፣
እንቅልፍ አያሸንፈው ሌሊቱ እስኪነጋ።
ግን ነፍስ ስትደክምም፣ ሽቦ ሲወልቅበት፣
ያው ነው የሚጮኸው፤ ልዩነት የለበት።

ጮኸ።
ሮጥኩ፤ ሽቦው ወልቋል፣ ሰውየው ደኅና ነው፣
መልሼ ሰካሁት ከሌባ ጣታቸው።
ደግሞ ጮኸ። ሮጥኩ። አሥራ ስምንት አልጋ፣
ሁለት ነርስ ብቻ ነን፤ ለማን ማን ይጠጋ?
በሦስተኛው ጩኸት አፌን አልያዝኩትም፦
«አባቴ፣ ይህ ዕቃ መጫወቻ አይደለም!»
ስል እንኳ ዓይኔ ያለው ሰሌዳው ላይ ነበር፤
አላየሁም ፊታቸው ብርድ ልብስ ሥር ሲቀበር።

በአራተኛው ግን ቁጭ አልኩ ከአጠገብ፣
ሌባውን ልይዘው፣ ዓይኔን ሳላርገበግብ።
አውራ ጣታቸው ነው፤ አንጓ ለአንጓ ሲወጣ፣
ከትንሿ ጣት ላይ ተነስቶ ሲመጣ፣
ከሽቦው ሲደርስ ይቆማል። ይመለሳል።
ከንፈራቸው ብቻ ደግሞ ይጀምራል።

«ልጄ» አሉኝ በቀስታ፣ «ሙስበሃዬን ቤት ረስቼ፣
ዚክሬን በጣት ይዣለሁ፣ በቃሬዛ መጥቼ።
ሠላሳ ሦስት ሊሞላ ሲል ይሄ ይዘጋብኛል፤
እሱም ይቁጠር ግዴለም፣ መንገድ ቢለቅ ምናል?»

ግራ እጅ ጉሉኮስ አለው። ወደ እግራቸው ወረድኩ፣
ከአውራ ጣቱ ላይ ነክሶ እንዲይዝ አደረግኩ።
ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።
ቁጥር የለም። በረዶ እግር፣ ንቃቃት ተረከዝ፣
ያ ሁሉ ጥበቡ ብርድ ላይ ሲፈዝ።

በሁለት መዳፌ ያዝኩት። «ኧረ ነውር! እግሬን?» አሉ።
እፍ አልኩበት፤ አሸሁት፣ መዳፎቼ እስኪግሉ።
ስንት ደቂቃ እንደሆን አልቆጠርኩም እኔ።
እሳቸው ቆጥረዋል።

ድንገት ሰሌዳው ላይ፣
ዘጠና ሁለት።
ዘጠና አራት።

የሱብሂ አዛን ከሸዋ በር ጭጋጉን ሲሰነጥቅ፣
ዙቤይዳ መጣች፣ ተረኛዋ፣ ጋወኗን ስታጠልቅ።
«አምስተኛ፣ ዘጠና አራት» አልኳት፤ ጻፈች።
ቻርቱ ላይ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ የለም፣
በአፌ ነገርኳት፦
«እግራቸው ላይ ነው፤ ቀድመሽ አሙቂው።
ቀኝ እጃቸውን ተዪው፣
ሥራ ላይ ነው።»