አሥራ አንድ ቁጥር

ላብ ምስጢር አይደብቅም፤ ይህን እኔ አውቃለሁ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ማልያ አጥቤአለሁ።
ማን እንደ ፈራ፣ ማን ሌሊቱን እንደ ጠጣ፣
አንገትጌው ይናገራል ከቅርጫት ሳይወጣ።

ሰሜን እንግሊዝ ነው፣ ዝናብ የማይለየው፣
ፋብሪካው ተዘግቶ ኳስ ብቻ የቀረው።
ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሺህ ሰው ወጥቶ
«ጆስ ታተርሶል!» ይላል፣ ቢራውን ደፍቶ፣
መስመር ይዞ ሲበር የግራ ክንፋችን፤
አሥራ አንድ ቁጥር። የኛ። የሠፈራችን።

ክትባቱ የመጣ ለት ሐኪሟ ጠረጴዛ ዘርግታ
ከመልበሻ ክፍሉ በር ጠበቀች፣ ከጠዋት እስከ ማታ።
ዘጠኙ ገቡ። የቀሩት ስልካቸው ላይ ጎበጡ፣
ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ወሬ እያላመጡ፤
ሜዳ ላይ የወደቀ፣ ደረቱን የያዘ ሰው፤
የት ነው? መቼ ነው? ብሎ ማንም አልጠየቀው።

ጆስ ፎጣ ሊሰጠኝ መጣ። «አንቺስ?» «ተወግቻለሁ።»
«እኔ ግን ዊኒ፣ እግሬን ሸጬ እበላለሁ፣
ገላዬ ነው ሱቄ፤ ለማላውቀው አልከፍትም፤
ውሌ ሰኔ ያልቃል፤ ሁለት ቀን መታመም አልችልም።
ደግሞ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ስሮጥ አይተሽኛል።»
አይቼዋለሁ። ጥላው እንኳ ኋላው ይቀራል።

ምን ልበል? ልብስ አጣቢ ነኝ።
የባሌን የዊልፍን ነገር ልነግረው አሰኘኝ፤
ከሆስፒታሉ መስኮት ውጭ ቆሜ እንደ ተሰናበትኩት፣
እስትንፋሴ መስታወቱን ሲሸፍነው፣ ደግሜ እንደ ጠረግኩት።
ተውኩት። ኀዘንን አውጥቶ እንደ ማስፈራሪያ
ማሳየት ከበደኝ፤ የሞተ ሰው አይሆንም መከራከሪያ።
ፎጣውን ተቀብዬ «ካልሲህን ገልብጠህ ስጠኝ» አልኩት።
ዛሬም የሚቆጠቁጠኝ ያልኩት አይደለም፣ ያላልኩት።

ጥር ላይ ያዘው። እሱ ጉንፋን ነው አለ፤
ዐሥር ቀን ተኝቶ ሜዳ ተመልሶ ዋለ።
የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ በሰባኛው ደቂቃ፣
ኳሷ ወደ ፊቱ ሄደች፤ እሱ ቆመ፤ በቃ።
እጁ ጉልበቱ ላይ፣ አፉን እንደ ዓሣ ከፍቶ።
«ሰነፍ!» አለው አንዱ፣ ቢራውን ደፍቶ።

ያን ቀን ማልያውን ሳነሳው ቀለለኝ። ላብ የለውም ነበር።
ደረቅ። ጭቃ ያልነካው። ያልተለበሰ ነገር።

ወደኔ ክፍል አሥራ አራት ደረጃ አለ።
በሰባተኛው ቆመ፤ ስልኩን የሚያይ መሰለ።
ዐወቅሁት ያን ማስመሰል፤ ዊልፍም ትንፋሽ ሲያጥረው
የጫማውን ክር ነበር ደጋግሞ የሚያስረው።

የተከተቡትም ታመዋል፤ ግብ ጠባቂው ሳምንት ሙሉ ስሏል፣
በስምንተኛው ቀን ግን ወጥቶ ኳስ ይዟል።
ጆስ ቢወጋስ ኖሮ? ሐኪሟ አልማለችም፤
«ዕድሉ ይሻል ነበር» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

ሰኔ ገባ። ውሉ አለቀ። ጋዜጣ አልጻፈ።
ዕቃውን ሊወስድ መጥቶ በሐኪሟ በር አለፈ፣
ሄደ፤
ተመለሰ።
እጅጌውን ጠቀለለ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።
«ይኸው ነው?» አላት መርፌው ሲወጣ፤
«ይኸው ነው» አለችው። ሳቀ። ሳሉ መጣ።

አሁን አሥራ አንድ ቁጥር የለበሰው ሌላ ልጅ ነው፣
ማልያው ላብ በላብ፤ በእጄ ስጨምቀው ይወርዳል እንደ ውሃው።
የጆስን ቁም ሣጥን ያጸዳሁት እኔ ነኝ፤
አንድ ጥንድ ካልሲ ብቻ ከጥጉ አገኘኝ፣
ታጥፎ፣
ተገልብጦ።