የማታ ጨረታ

ሳጥኑ ብረት ነው፤ ሁለት ቁልፍ አለው፣
አንደኛው ከእኔ ዘንድ፣ ሌላው ከኦዲት ነው።
አርባ ቀን ከጥግ ላይ እንደ ባላጋራ
ቁጭ ብሎ አየኝ፣ እኔም እሱን ስፈራ።
አፉ ጠባብ ነው፤ ፖስታ ብቻ ይውጣል፣
የዋጠውን ደግሞ በሰዓቱ ይተፋል።

ድሮ ግዢ ሲባል ስልክ ነበር፤ አንድ ሰው ይጠራል፣
ዋጋውን እሱ ይናገራል፤ እኛ «እሺ» እንላለን፤ ይፈረማል።

ምን ይገዛል ሀገር በዚህ ሳጥን ቢሉ፣
«ፀሐይ» ይላል ሰው፤ ተሳሳቱ ሁሉ።
ፀሐይማ የሁሉ ናት፤ ከአዘዞ ሜዳ ላይ
ዋጋ ሳትጠይቅ ነው የምትውል ከሰማይ።
ነፋሱም ደረሰኝ፣ ባለቤት የለው፤
የምንገዛው እኛ ማታውን ብቻ ነው፤
የቀኑን ትርፍ ብርሃን ለማታ አጠራቅሞ
በቁና የሚሰፍር ጎተራ፤ ባትሪ አሉት ደግሞ።

የእህቴ ባል አንዳርጌ ቅዳሜ ሲመሽ መጣ፣
አንድ ኪሎ ብርቱካን፣ አንድ ዘመዳዊ ቁጣ።
«ይታይሽ» አለኝ፣ «እኔ ሰነድ አልጠየቅኩ፣
የግምቷን ቁጥር ብቻ… መች ብዙ ፈለግኩ?
ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፤
የዛሬ ወንበርሽን ለነገ ማን ያውቃል?»
ብርቱካኑን ላጥኩ፤ ለልጆቹ አካፈልኩ።
«እኔ አልተሾምኩም» አልኩት፣ «ተቀጠርኩ።»

የመክፈቻው ዕለት፣ ጠዋት በአራዳ ሳልፍ፣
ከቢምረው ጸጉር ቤት መብራቱ ድርግም ሲል፣ ማሽኑም ዝም ሲል፣ ሲያርፍ፣
ባጃጅ ነጂው ምንተስኖት፣ ተላጭቶ ግማሹን፣
በመስታወት ያያል የቀረውን ራሱን።
ቀኙ እንደ ሸክላ ገል፣ ግራው ጫካ ሆኖ።
«ይመጣል» ይላል ቢምረው፣ ማሽኑን በእጁ አፍኖ።

ስድስት ፖስታ ገባ፤ ሰሙ ቀይ፣ ማኅተሙ ጥብቅ፤
ወርቁን ግን ከሰሙ ሥር ማንም ገና አያውቅ።
(አባቴ ቅኔ ዘራፊ ነበር፤ ይህን ቢያይ ይስቅ።)
አራት ሰዓት ሞላ። ሳጥኑን ዘጋሁት።
ከሁለት ደቂቃ በኋላ በሩ ላይ ላብ የወረሰው ሰው አየሁት፤
አዱኛው ነው፣ አንድ ወንበር የተቀመጥን ትምህርት ቤት፤
ፖስታውን እንደ ጨቅላ አቅፎ፣ ከባሕር ዳር ሲመጣ ጎማ ፈንድቶበት።
«ሁለት ደቂቃ ናት» አለኝ። ሁለት ደቂቃ ናት።
ለእሱ ሁለት ብፈቅድ፣ ለአንዳርጌ ስንት ልፈቅድለት?
ፖስታው ሳይከፈት ተመለሰ። ፊርማዬ ተንቀጠቀጠ።
እስከ ዛሬ ሲያየኝ ያልፋል፣ ፊቱን እየለወጠ።

ማንበብ ጀመርን። የመጀመሪያው ዋጋ ተጠራ፣
ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ይህን ያህል፤ ሰውዬው ኮራ።
ሁለተኛው ከሱ በሦስት ሳንቲም ወረደ፤
ሦስተኛው በአምስት፤ የአንዱ ጉልበት ራደ።
አራተኛው ሲነበብ አዳራሹ ጨለመ።
(መጋረጃው ወፍራም ነው።) አንዱ ሳቀ፣ ሌላው አጉረመረመ፤
የቀረውን ዋጋ በስልክ መብራት አነበብነው፤
ያበሩልንም የመብራት ሻጮቹ ናቸው፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው፣ ቆመው።

ሳንቲም ምን አላት ትላላችሁ፤ እኔም እል ነበር፣
ሃያ ዓመት በየቤቱ ቆጣሪ እስክትደመር።
ፖስታ ከፖስታ ተጋፍቶ ያወረዳት አንዲት ሳንቲም
ለደም ባንኩ ማቀዝቀዣ ናት፣ ለአዋላጇ አምፖል ናት፤ ከሰው ኪስ አትወጣም ዳግም።
ግን እጅግ የወረደም ያስፈራኛል፤ ውሉን ተፈራርሞ
ሜዳውን ግማሽ ላጭቶ የሚጠፋ፣ ቅድመ ክፍያውን ተሸክሞ።
ስለዚህ ማነው የረከሰው ብቻ አልልም፤ ማነው የሚጨርሰው
እላለሁ፤ ይህንን ግን ከማኅተም ሥር አላየሁትም፣ ገና ነው።

ማታ በአራዳ ስመለስ ምንተስኖት እዚያው ነው፤
ቀኑን ሙሉ በባርኔጣ ነድቶ፣ ደግሞ ከሻማው ሥር ያው።
«ማን አሸነፈ?» አለኝ፣ ወሬውን ከየት እንደሰማው።
«አልታወቀም» አልኩት፣ «ግምገማ አለ፣ አቤቱታ አለ፣ ብዙ ነው።»
«እስከዚያስ?»
ቢምረው ባርኔጣውን አነሣና መልሶ አለበሰው።