ቆርኪ

«ተኝተሽ ነበር» አሉኝ፤ «ቤት ውስጥ፣ አልጋሽ ላይ፤
ጉም ነበር ያን ለታ፣ ሰውን ሰው የማያሳይ፤
አንቺ አልወጣሽም» ብላ አክስቴ ማለች፤
ጎረቤት አጸና፤ እናቴ ዝም አለች።
እኔም አመንኳቸው፤
የስድስት ዓመት ልጅ የሰማችውን ነው
ለብሳ የምታድገው።

እጄ ግን አላመነም።

አሥር ዓመት ሙሉ ሌት ሌት ሲጨበጥ፣
ጥፍሬ መዳፌን ሲበሳ፣ ሲቆርጥ፣
«ሕልም ነው» እያልኩኝ ጠዋት ታጠብኩና
ተማሪ ቤት ሄድኩኝ። የሒሳብ ፈተና፣
ዘጠነኛ ክፍል። ጉም ከጣርማ በር
ቁልቁል ተንከባሎ መስኮት ላይ ሲሰፍር
እስክሪብቶዬን እንዲያው ጨበጥኩት፤
ደወል ተደወለ። ልለቀው አልቻልኩት።

«መጋኛ ነው» አሉ፤ «ዓይነ ጥላም» አሉ።
ሁለት ሱባኤ ጠበል ገባሁ። ቄሱ
መዳፌን ገልብጠው የጥፍሬን ጠባሳ ዳሰሱ፤
«የያዛት ነገር የለም፤ እሷ የያዘችው አለ።
ጠበሉም አይቅርባት፤ ሐኪምም የእግዜር ነው፤
ደብረ ብርሃን ውሰዷት።»

«የአእምሮ ሕክምና» ይላል በሩ ላይ፤
ነጠላ ተከናነብኩ የአገር ሰው እንዳያይ።
ብርዱ ከግድግዳው፣ ከወንበሩ ብረት፤
ካርድ የያዘ ሁሉ ይተያያል በስርቆት።
ሲስተር እንጉዳይ ግን፣ ክርኑ የሳሳ ሹራቧን ሰብስባ፣
ከቴርሞስ ሻይ እየቀዳች
«ምን ሆንሽ» አላለችም፤
«እጅሽ መቼ መቼ ነው የሚቆጣው?» አለች።

ማታ ማታ አንድ ኪኒን፤ በየሁለት ሳምንቱ ሐሙስ።
ስለ እንቅልፍ አወራን፣ ስለ ክፍል ጓደኞቼ፣ ስለ ምንም።
በሦስተኛው ወር «ድኛለሁ» ብዬ ዋሸኋት፤ ቀረሁ።
ስልክ ደወለች፦ «ሐሙስ እጠብቅሻለሁ፤
መጥተሽ ዝም ማለትም ይቻላል።»

መጥቼ ዝም አልኩኝ።

ከመስኮቱ ውጭ አንድ አስታማሚ ለስላሳ ከፈተ።
ቆርኪው ሲሚንቶ ላይ ቅጭል አለ፣ ተንከባለለ፣
ሊቆም ሲል ተርገበገበ፤

ጉም። ቁልቁል የሚመጣ አውቶቡስ። እናቴ
የቆሎ ቅርጫቷን ይዛ ወደ መስኮቱ ስትሮጥ፣
«ትርሲት፣ ወንድምሽን ያዢው!»
ናሁሰናይ ነው ስሙ፤ ናሁ እንለው ነበር፤
«እነሆ ማለት ነው» ብለውናል ቄሱ።
መዳፉ በምራቅ የራሰ፣ ገብስ የተጣበቀበት።
ከአስፋልቱ ጠርዝ ቀይ ቆርኪ አየሁ።
ለቀቅኩት። ጎንበስ አልኩ።
ቀና ስል
እነሆ የሚባል ነገር አልነበረም፤
መብራት ብቻ፣ የፍሬን ጩኸት፣ ጉም።

«ተኝቼ አልነበርኩም» አልኩ፤ ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።
ሲስተር እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።
«የስድስት ዓመት እጅ» አለች፣ «ስንት ይይዛል?»
መልስ አልነበረኝም። ሐሙስ አልፎ ሐሙስ ሲመጣም
አልነበረኝም።

አንድ ቀን እናቴ አብራኝ ገባች።
ነገርኳት። አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ
ቋጠሮ ፈታች፤ ዝገት የበላው ቆርኪ።
«ከጭብጥሽ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች፤
«ልጅን ልጅ ያስያዝኩትም እኔ።
እንድትተኚ ብዬ ነው ‹ተኝተሽ ነበር› ያስባልኩት፤
ያልተኛሁት እኔ ነኝ።»

ስንመለስ መኪናው ዋሻውን ገባ፣ ወጣ፤
ጉሙ እዚያው ነው፣ የትም አልሄደ።
ጣቴ ታጠፈ። እስከ ሃያ ቆጠርኩ፤ እስከ ሠላሳ፤
አንዱ ተፈታ፣ ሌላው ተከተለ፤ ትንሿ ጣት እምቢ አለች።
ደብረ ሲና መናኸሪያ አንዲት ልጅ በመስኮት ቆሎ ሰፈረችልኝ፤
መዳፌን ዘረጋሁ፤ ግማሹ ፈሰሰ።
እናቴ «ያዢው» ልትል አፏን ከፈተችና
ተወችው።