ሰባት ኪሎ

የድሮው ማጉያዬ ሠላሳ ኪሎ ነው፣
ቅዳሜ ቅዳሜ ፎቅ ላይ የማወጣው።
ባጃጁ ሲያየኝ ዋጋውን ይጨምራል፤
«ላንተ የአንድ ሰው ነው፣ ለሱ የሁለት» ይላል።
ፍራንኮ ስደርስ ጣቶቼ ደንዝዘው፣
ጊታሩን ስሰጣቸው፦ «ይሄ ደሞ ምንድነው?»

ወገቤ ነው በቃ ያለኝ፤ እኔማ እችል ነበር።
ባቡር ጣቢያው ጀርባ ጋሽ ኡርጌሳ ዘንድ ሄድኩ፣ ንፋስ አቧራ ሲያዞር።

«ትንሽ ስጠኝ» አልኩት፣ «በአንድ እጅ የሚያዝ፤
ግን ባለ ቫልቭ ይሁን፣ ሞቆ የሚታዘዝ፤
እንደ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ
የሚጀምር።»

ሦስት አወረደልኝ ከላይ መደርደሪያ።
አንደኛው የቅስቀሳ መኪና ማጉያ፤
ሳልነካው ይጮሃል እንደ ምርጫ ሰሞን፤
«ተወው፣ ይሄ ለምዷል ሌላውን ማደንቆሩን።»
ሁለተኛው አዲስ፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ፤
በጥፍሩ አንኳኳና «ካርቶን ነው» አለ፣ ሳይስቅ።
ሦስተኛው… እሱማ የማጉያም መልክ የለው፤
ከትምህርት ቤት ፊልም ማሳያ ሆድ ነው የወጣው፤
ሁለት ቫልቭ፣ አንድ ትራንስፎርመር፣ ከነሸረሪት ድሩ።
«ሰባት ኪሎ» አለኝ፣ ሚዛን ሳያስቀድም፤
«አዲስ አበባ ስድስት ላይ ቆማ ቀረች፣ እኛ አልቆምንም።»

ሲከፍተው እጄን ሰደድኩ። ጥፊ በሚመስል ቃል
መለሰኝ፦ «ቢነቀልም ካፓሲተር ቂም ይይዛል፤
ስቆ ሸኝቶህ ማታ የሚጠብቅህ ሰው አለ አይደል? እንደሱ ነው።»
በካቻቢቴ ነካው። ጧ! አለ። ቂሙን አወጣው።

ከዚያ ሥራ ሆነ። አሮጌ ሽቦ ወጣ፣ እርሳስ ጨሰ፤
የስፒከሩ ስንጥቅ በሙጫና በሲጋራ ወረቀት ተለበሰ፤
ሳጥኑን ነጂብ ሠራው ከቁምሳጥን በር፣ ገንደ ጋራ ወስጄ፤
የቁልፉን ቀዳዳ አልደፈነም፤ ዛሬ የጊታር ገመድ እከትበታለሁ፣ እንደ ቁልፍ፣ በገዛ እጄ።

«ትንሽ ይጩህ» አልኩት። «ጩኸት ገበያ ሞልቷል።
እኔ የምሠራው ሲነካ የሚያውቅ ነው፤ ቀስ ስትል ቀስ ይላል፣
ስትመታው ይቀደዳል።» አንድ ሬዚስታንስ ቆርጦ ጣለ።
ማሻሻል መጨመር መስሎኝ ነበር። መቀነስም አለ።

ቅዳሜ መጣ። ባጃጁ ዝም ብሎ ጫነኝ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬው።
ፎቁን በአንድ ትንፋሽ።
ግማሽ ደቂቃ ጠበቅነው፣ ቫልቮቹ እስኪቀሉ፤
ባለቤቱ «በላ!» ይላል፣ ሰዎቹም ያያሉ።
ከዚያ አንድ ኖታ። ተረፈ ከበሮውን ዝቅ አደረገ፤
ለእኔ ብሎ አይደለም፤ ሊሰማው ፈለገ።

ሁለተኛው ዘፈን መሐል፣ ሁላችን ዝም የምንልበት ቦታ፣
ከሳጥኑ ሆድ አንድ ሰው ተናገረ በእርጋታ፦
«…ሽንኩርት በኪሎ…» የራዲዮ የገበያ ዜና።
አስተናጋጇ ሳህን እንደያዘች ሳቀች። እኔም ገባሁ እንደገና።

በማግስቱ ጋሽ ኡርጌሳ፣ «አንዲት ካፓሲተር ዝም ታሰኘዋለች፤ ዋጋዋ ሻይ ነው» አለኝ።
ሻዩን ጋበዝኩት። ካፓሲተሯ ኪሴ ውስጥ ናት። አልቸኮልኩኝ።

ሠላሳ ኪሎው አልጋዬ ሥር ነው። የሚገዛው ከመጣ
ወገብና ባጃጅ ይዞ ይምጣ።