የመጀመሪያ ማረሚያ

ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ስሕተት ሳድን፣
ጡረታ ስወጣ ማረም ጀመርሁ ቡድን፤
ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አራት ኪሎ ሜዳ፣
መነጽሬን ወልውዬ፣ እንዳለብኝ ዕዳ።

የማተሚያ ቤት ልጆች። የኛው።
አምና ሲጫወቱ ያየ ሰው ያውቀዋል፤
ኳሱን ናሆም ይዞ ያንጥረዋል፣ ያንጥረዋል፣
እንደ ታክሲ ጠባቂ አራቱ ቆመዋል።
የፊተኛው አሰልጣኝ ጉሮሮው ነበር ሥራው፤
ሲቆጣ እስከ ፒያሳ ይሰማል ፉከራው።

መስከረም ላይ መጣ አዲሱ ተቀጥሮ፣
ስሙ እንግዳወርቅ ነው፤ ናዝሬት ነበር ድሮ።
አይጮህ፣ አይሳደብም፤ ያጨበጭባል ብቻ፣
ሁለቴ፤ ከዚያ ዝም።
«ያው ነው» አለ ሲራክ፣ ተራ አስከባሪው፣ «ቀልቀሎና ስልቻ!»

ጥበቃው ቅጣው ነው ወሬውን ያመጣው፦
«ኳሱን ከመጋዘን ሳምንት ሙሉ አላወጣው!
በባዶ እጃቸው ሲሮጡ፣ አየር ሲቀባበሉ፣
የሚቀበለውን ልጅ ስሙን ጠርተው ነው፣ እንካ የሚሉ።»
ሳቅን። ቅርጫት ኳስ ያለ ኳስ፣ ጾም ነው ወይስ ጨዋታ?
ሲራክ ሁለት ቀን ሙሉ በዚህ ቀልድ በረታ።

ሁለቱን ተሸነፍን፤ አንዱን በሃያ ነጥብ።
ትርንጎ ግን፣ በሩ ላይ ቆሎ የምትሰፍረው፣
የሳቱትን ቅጣት በሽምብራ ስትቆጥረው፣
አምና ስኒው ሞልቶ ይፈስ ነበር መሬት ላይ፤
ዘንድሮ ከወገቡ ሲያልፍ ገና አላይ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ናሆምን አስቀመጠው።
ጋሽ ምንታምር ብድግ፤ ቁጣ ድምፁን ዋጠው፤
«ኮከቡን ወንበር ላይ?! ይኼ ሰው ይቀልዳል?
ሞተር አውጥቶ ጥሎ በጎማ ይነዳል?»
ኳሱ አምስት እጅ ዞረ፣ መሬት እንኳ ሳይነካ፤
ደረሰ ከጥጉ ልጅ፣ ከዚያ ከቀጭኑ፤ ለካ
ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ቆሞ ኖሮ፣
ባይሳ ነው ስሙ፤ ያወቅነው ዘንድሮ።
በአሥራ አንድ አሸነፍን።
ሲራክ «ዕድል ነው» አለ።
ቀጣዩንም ረታን፤ እሱንም «ዕድል» አለ፣
ግን ድምፁ ከበፊቱ ትንሽ ዝቅ ያለ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ከመሬት ተነሥቶ፣
ዝናብ መጣ፣ ሄደ፣ ሜዳው ላይ ኩሬ ትቶ።
ዳኛው ሰዓት ያያል። «ይሰረዝ?» ይባላል።
እንግዳወርቅ ኮቱን አወለቀ፣ ዝም እንዳለ፤
ከትርንጎ ጆንያ ለምኖ፣ ተንበርክኮ ወለወለ።
ማንም ሳያዘው ናሆም ከወንበሩ ተነሣ፤
ጃኬቱን ዘረጋ። ከጎኑ መጣ ባይሳ።
ከዚያ ሁሉም። ከዚያ ባላጋራዎቹም።

ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ። የመጨረሻዋ ኳስ
ቀለበቱን ዞራ ወጣች፣ ይዛ የሁላችን እስትንፋስ።

አምና እንዲህ ሲሆን፣ ፊሽካው ሳይነፋ ገና፣
እንበታተን ነበር፤ ምን የሚወራ አለና!
ያን ቀን ግን፣ ርጥብ ደረጃ ላይ፣ መብራት እስኪበራ፣
ቆመን ተሟገትን ስለ ባይሳ ግራ።
ጋሽ ምንታምር በጃንጥላው ጫፍ ጭቃ ላይ ሜዳ ሣለ፤
«ናሆም ከዚህ ቢነሣ፣ ባይሳ ከዚያ ቢመጣ» አለ።
ሲራክ «ገና ነው» ይላል፤ ተራውን ግን ትቶ፣
ሦስት ታክሲ ሄደ ያለ ተራው ሰው ሞልቶ።

እኔስ? ሒሳቡን አልክድም፦ ሁለት ረትተን፣ ሦስት ተረትተናል።
ስሙን ለሁለት ብከፍለው፣ እንግዳው ለቆታል፤
ወርቁን እንጃ። ገና ድንጋይ ላይ አልተፈተነም።
ቀለሙ ባልደረቀ ገጽ ላይ «ይታተም» ብዬ ፈርሜ አላውቅም፤
ቀድጄ ልጥለውም እጄን አልሰብቅም።
በኅዳጉ፣ በቀዩ፣ እንደ ልማዴ እጽፋለሁ፦
ስሕተቱ ቀንሷል። ቃሉ መስመር ይዟል።
ሁለተኛ ማረሚያ ይምጣልኝ፤ እጠብቃለሁ፤
ቅዳሜ፣ ዘጠኝ ሰዓት፣
ከቆሎዋ በላይ፣ ሦስተኛው ደረጃ።