ከኋላዬ ያለው ዓመት

ኤል አልቶ ስደርስ ሌሊት ነበረ፤
አየሩ ጥቂት፣ እንደ ድሃ ዱቄት የተሰፈረ።
ላከኝ እያልኩ ዓመታት ስጸልይ የኖርኩ፣
ሦስት ደረጃ ወጥቼ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።
«መተንፈስ ትማራለህ» አለችኝ ኤርማና ኤዲት፣
የመጠለያው ኃላፊ፣ ባትሪ ይዛ ከፊት፤
«ማስተማሩ ይደርሳል።»

ሻንጣዬ ውስጥ ሰማያዊ ደብተር ነበረ፣
ዓመቱ በሙሉ በማስመሪያ የተሰመረ፦
የካቲት ፊደል፣ መጋቢት ድምር፣
ሚያዝያ የትንሣኤ መዝሙር፣
ሰኔ ላይ ማካፈል፣
ነሐሴ፣ ንፋስ ስለሚበዛ፣ ወረቀት አጥፎ ማብረር።
በየገጹ ጥግ በቀይ ቀለም ጥቅስ፣ ምዕራፉ ከነቁጥር።

ጠዋት በረዶ ወረደ፤ ቆርቆሮው ጮኸ።
ሃያ ሦስት ልጆች ያዩኛል፤
ጠመኔው ከቃሉ መሐል ቆሟል፣
ትንፋሼ ጥሎኝ ሄዷል።
ዋራ የምትባል፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ፣
ሳቋን በመዳፏ ብትይዘው ሾልኮ ወደቀ፤
ክፍሉ በሙሉ ተከተላት፤
እኔም ሳቅሁ፣ በቀረችኝ እፍኝ ትንፋሽ።

ያልሳቀ አንድ ልጅ፦ ሊምበርት ካሊሳያ፣
የሹራቡ እጅጌ ሁለት ጊዜ የተጠቀለለ።
እጁን ሳያወጣ፣ «መቼ ነው የምትሄደው?» አለ።
«ትናንት ማታ እኮ ነው የመጣሁት!»
«መምጣትህን አየሁ፤ መሄጃህን ነው የጠየቅሁት።»
ክፋት የለበትም፤
የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው ነው።
«ታኅሣሥ» አልኩት።
በጣቱ ቆጠረ። «እሺ» አለኝ፣
መልሱን ቆጥሮ እንደሚቀበል ባለሱቅ።

ከዚያ የምግብ ቤቱን በር መቃን አየሁ።
የልጆች ቁመት ነው፣ ከጉልበት እስከ ደረት፣
ጭረት በጭረት።
ዓመተ ምሕረት የለውም፤ ስም ነው ያለው፦
«በኢንግሪድ ጊዜ»፣ «በማርሴሎ ጊዜ»፣
አንዱን ስሙን ረስተውት፣ «በዚያ በሚያስለው»።
እንደ ነገሥታት ዘመን ቆጥረውናል፣
አንዳንድ ዓመት ነግሠን የምንወርድ።
ስድስት ስም። ቀጥሎ ባዶ እንጨት።

ማታ ከዶኛ ሳቱርኒና ጋር ድንች እየላጥሁ፣
በተሰባበረ ስፓኒሽ ደብተሬን አሳየሁ።
«ይኸው፣ የሚመጣው ሁሉ ከፊቴ» አልኳት።
ቢላዋዋን በትከሻዋ ላይ ወደ ጀርባዋ ጠቆመች፤
«በአይማራ እንዲያ አይደለም» አለች።
«ፊትህ ያለው ያለፈው ነው፤ አይተኸዋል!
የሚመጣው ከኋላህ ነው፤ ማጅራትህ ላይ ዐይን አለህ?
ሰው ወደ ነገ የኋሊት ነው የሚሄደው፣
ተረከዙን እያስቀደመ።»
የተላጠውን ድንች ውኃ ውስጥ ጣለችው።

እንግዳ አነጋገር መስሎኝ ተኛሁ።
እኩለ ሌሊት ላይ የገዛ ቋንቋዬ ቀሰቀሰኝ፦
«በፊት» የምንለው ያለፈውን፣
«በኋላ» የምንለው የሚመጣውን፣
የኋላ ኋላ፣ ኋላ እንዳይቆጭህ...
ለካ ምላሴ ዕድሜዋን ሙሉ ስትናገረው፣
ልሰማው ውቅያኖስ መሻገር ነበረብኝ።

ሲነጋ ሊምበርት መጣ፣ እርሳስ ይዞ፣
ዋራ አግዳሚ ወንበር እየጎተተች።
«ቁም!» አለኝ።
«እኔ እኮ ማደግ ካቆምኩ ቆየሁ።»
«ታኅሣሥ ላይ ካጠርክ እናውቃለን።»

ሊለካ የቆመ ሰው ጀርባውን ይሰጣል።
ተረከዜ መቃኑን ነካ፤
ዋራ ሆዴን በመዳፏ ገፋች፣ እንዳልጎብጥ።
ፊት ለፊቴ ሁሉም ታየኝ፦
የድስቱ እንፋሎት፣ የትናንቱ በረዶ በጥላው ሥር፣
ከአጥሩ በላይ በሽቦ ተንጠልጥለው ወደ ላ ፓዝ የሚወርዱት ቀያይ ሳጥኖች፣
ስድስት ሰው ሸኝተው ሰባተኛውን የሚለኩ ልጆች።

እርሳሱ ከአናቴ በላይ ሲጭር ሰማሁት፤
የት ላይ እንዳረፈ ግን አላየሁት።
ልዞር ስል፣
«አትዙር» አለኝ ሊምበርት፤
«ስምህን ገና አልጻፍኩትም።»