የእጅ አንጓ

የሰው እጅ አሻለሁ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው፤
አንጓ ነው የማነበው፣ ጅማት ነው የማደምጠው።
ካቶቪትሴ ከተማ፣ ከትራሙ ሐዲድ በላይ፣
ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮቴ ክቡን አዳራሽ የሚያይ፣
ያን የተደፋ ሳሕን፣
የካቲት ሲሆን ሺህ ወጣት የሚያጓራበትን።

ማክሰኞ ማክሰኞ ሁለቱ ይመጣሉ በአንድ መኪና፤
አያት ዮአኺም፣ ሰባ ስምንት የሞላው ጎምቱ፣
ቪቶልድ፣ የልጅ ልጁ፣ ዐሥራ ዘጠኝ ነው ዓመቱ።
አያትየው ሠላሳ ዓመት ከምድር ሆድ ከሰል ፈልፍሏል፤
ከቆዳው ሥር ሰማያዊ ነጥብ፣ እንደ ንቅሳት ቀርቷል።
ልጁ ደግሞ፣ እንዴት ልበለው፣ ማውስ ይጫናል፤
በደቂቃ ሦስት መቶ ጊዜ ጣቱ ይወድቃል፣ ይነሣል።
ደመወዝ አለው፣ ማሊያ አለው፣ ጀርባው ላይ ስሙ ተጽፎ፤
"ተኛ" የሚለው አሠልጣኝ አለው፤ እሱ ያነጋል ስክሪን ታቅፎ።

"ጨዋታ!" ይላል አያት፣ ቃሉን እንደ ዓሣ አጥንት ተፍቶ።
"እኔ ያወጣሁት ነደደ፤ ቤት አሞቀ፣ ውሃ አፈላ፤
ከዚያ መስታወት ውስጥ ግን ምን ወጣ? ማንስ በላ?"
ልጁ ከስልኩ ቀና ሳይል፣
"እናቴ ቤት ያለው ማሞቂያ በማን ገንዘብ ተገዛ?
ያ ያለ ከሰል የሚሠራው?"
አያት ጉሮሮውን ጠረገ።

እኔ ዝም። በእኔ ቋንቋ ቃሉ ሁለት ፊት አለው፤
"ተጫወት" እንላለን ለእንግዳ፣ አፉን ዘግቶ ለተቀመጠ፣
"ተጫወት" እንላለን ለሕፃን፣ ምንጣፍ ላይ ለተገላበጠ።
ይህን በፖላንድኛ እንዴት አድርጌ ልፍታው?

"በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይል ነበር አባቴ፣
ቅልጥሙ በዱላ አብጦ፣ እያነከሰ ሲገባ ከቤቴ።
ግን ገና በዓመት አንዴ ነው፤ ደመወዝም የለው፤
ሦስት መቶ ቀን የሚመቱት ሩር፣
እሱን ጨዋታ ልበለው?

የልጁን አንጓ ያዝኩ። ትኩስ ነው። በአውራ ጣቱ በኩል
ጅማቱ ይንቋቋል፣ ዘይት እንዳጣ ማጠፊያ።
"ስንት ሰዓት ትጫወታለህ?" "ዐሥራ አንድ።" "በሳምንት?"
ሣቀብኝ።
"ሁለት ሳምንት ዕረፍት" ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱን አራት አጠፈው።
የአያትየውን ያዝኩ። ያው ቦታ፣ ያው ጅማት፣ የደነደነ።
አንዱ በመዶሻ፣ አንዱ በጣት ጫፍ፤ መጨረሻው አንድ ሆነ።
ሥጋ አይጠይቅም፣ "ለቁምነገር ነው ወይስ ለቧልት?" ብሎ፤
ያመዋል እንጂ፣ ለሁለቱም እኩል ተቃጥሎ።

አንድ ማክሰኞ ልጁ ስልክ ሊያነጋግር ወጣ።
አያት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
"እርግቦች ነበሩኝ" አለ፤ "አርባ። የእሽቅድምድም።
ልጄ ክርስትና ስትነሣ ጣራ ላይ ነበርኩ፣ ሰዓቴን ይዤ፣
አንዲት ግራጫ ከብራስልስ እስክትደርስ፣ ሰማዩ ላይ ፈዝዤ።
ሚስቴ እስክትሞት አልማረችኝም።"
"አሸነፈች?"
"ሦስተኛ ወጣች" አለ፤ ዐይኑም በራ።
ያን ብርሃን አውቀዋለሁ፤
ልጁ ስለ አንዲት ጥግ፣ ስለ ግማሽ ሰከንድ ሲያወራ አየዋለሁ።

የካቲት ላይ ቡድኑ በሁለተኛው ዙር ወደቀ።
የመስኮቴ ብርጭቆ በጩኸት ተንቀጠቀጠ፤
ከዚያ ድንገት ጸጥ።
ዮአኺም እዚያ ነበር፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ።
"ስክሪኑን አላየሁም" አለኝ፤ "ቢያዩትም አይገባም።
እጁን ነው ያየሁት። እርግብ ልታርፍ ስትል እንዲያ ናት፤
ከመንካቷ በፊት አንዲት ቅጽበት ታመነታለች።"

"ታዲያ ቁምነገር ነው?" አልኩት።
ጃኬቱን ለበሰ። ቁልፉን ፈለገ፣ በግራ ኪሱ፣ በቀኝ፤
"በሚመጣው ማክሰኞ" አለ፣ "እሱን አስቀድሚልኝ።"